ሰልፉ ያማረበት ቀን

ሃምሳ አለቃው በዚያ ጠዋት ሜዳው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በምልምሎቹ ሱሪ ላይ ነው። ትናንት ሲለያዩ ሱሪያቸው ባዶ ጆንያ መስሎ ነበር፤ የረጅሙ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶ፣ የአጭሩ ተረከዙ ሥር እየተረገጠ፣ የቀጭኑ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሮ። ዛሬ ግን የሁሉም በልኩ ተቆርጧል፤ ጠርዙ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ ፊት ለፊቱ የተተኮሰው መስመር ጣት የሚቆርጥ ይመስላል። ጫማዎቹም ያበራሉ። አንዳቸውም አያወሩም። ደረታቸውን ነፍተው፣ አገጫቸውን አንስተው፣ ምስጢር አላስችል ያለው ሕፃን የሚያሳየውን ዓይነት ፊት ይዘው ይጠብቁታል።

እንዲህ ያለ የጠርዝ ስፌት የሚያወጣ እጅ በማሰልጠኛው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። እሷም የግምጃ ቤቱ ልብስ ሰፊ፣ የገዛ ሚስቱ ናት። ሰሞኑን «ሥራ በዛብኝ» እያለች ስታመሽ የከረመችው ለካ ለዚህ ኖሯል። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን በደስታ ጮቤ ይረግጥ ነበር። ሃምሳ አለቃው ግን ክው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሰው በልቶ አልጠግብ ካለ ወዲህ ሥልጠናው እያጠረ መጥቷል። ድሮ ግማሽ ዓመት ይፈጅ የነበረው መጀመሪያ በእኩሌታ ተቆረጠ፤ ቆየት ብሎ እኩሌታውም እንደገና ተቆረጠ። አሁን ደግሞ ከጠቅላይ ሰፈሩ አንድ ኮሎኔል በየማሰልጠኛው እየዞረ፣ ምልምሎችን አሰልፎ እያስኬደ፣ ያማረለትን «ደርሷል» ብሎ ወደ ግንባር ይልካል፤ የተንገዳገደበትን ለአንድ ወር ተጨማሪ ሥልጠና ያስቀረዋል። ኮሎኔሉ ክፉ ሰው አይደለም። እግሩ አንድ ላይ የሚያርፍ ጦር ልቡም አንድ ነው ብሎ የሚያምን፣ ዕድሜውን በሰልፍ የፈጀ ሰው ነው።

ሃምሳ አለቃው ይህን ሲሰማ ለብቻው አንድ ዘዴ ዘየደ። ሰልፍ የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው። ምልምሎቹን በደረታቸው አስኬዳቸው፣ ጉድጓድ አስቆፈራቸው፣ ፊሽካ ሲነፋ በቆሙበት መሬት ላይ እንዲነጠፉ፣ ሲደገም ተነስተው እንዲሮጡ አለማመዳቸው። ግራ ቀኙን ግን ለስሙ ያህል ነካ አድርጎ አለፈው። ኮሎኔሉ የመጣ ዕለት ጉዳቸው ይፈላል፤ አንዱ በግራ ሲነሳ ሌላው በቀኝ ይነሳል፤ እሱ ይሰደባል፣ እነሱ አንድ ወር ያገኛሉ። በዚያች ወር ደግሞ ገና ያልነካውን፣ ከሁሉ የሚከብደውን ትምህርት ይሰጣቸዋል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለሚስቱማ ጭራሽ። ሰልፉ ካማረለት የሻምበል ባሻነት ማዕረግ እንደሚያገኝ፣ የማሰልጠኛው ቋሚ መምህር ሆኖ ዳግመኛ ግንባር እንደማይላክ ከማሰልጠኛው ጸሐፊዎች አንዱ ሹክ ብሏት ነበር። ይህን ከሰማች ጀምሮ ፊቷ በርቶ ሰነበተ፤ እሱም ያንን ፊት ማጨለም አቃተው።

ያልነካው ትምህርት ስለ መውደቅና ስለ መተካት ነው። መሪው ሲወድቅ ቀጣዩ፣ ቀጣዩ ሲወድቅ ከሱ በኋላ ያለው፣ ማንም ሳያዘው ቦታውን ይዞ ቡድኑን ወደ ፊት እንዲወስድ፤ የወደቀውንም ከኋላ ለሚመጡት ሐኪሞች ትቶ እንዲያልፍ። በቃል ሲነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እግርና ልብ እስኪለምደው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰው ወዳጁ ሲወድቅ አልፎ እንዲሄድ ሆኖ አልተፈጠረምና።

እሱ ራሱ ይህን ያወቀው በመጀመሪያው ውጊያው ላይ ነው። የቡድን መሪያቸው ሲመታ ሁሉም ሮጠው ከበቡት። አንዱ ስሙን ይጠራል፣ አንዱ ቁስሉን በእጁ ይደፍናል፣ አንዱ ውኃ ውኃ ይላል። በዚህ መሐል ከጎናቸው ካለው ቡድን አንድ ሽበታም አስር አለቃ እየተሳደበ መጣና እጁ የገባውን አንድ ሰው በቀበቶው አንስቶ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። ያ አንዱ ሰው እሱ ነበር። የመድፉ ጥይት ወዲያው መጣ። ከዚያ ክብ ውስጥ የተነሳ የለም፤ ሽበታሙም አብሮ ቀረ። ስሙን እንኳ ለመጠየቅ አልበቃም። ከዚያ ወዲህ ቀበቶውን በታጠቀ ቁጥር ያመሰግነዋል። ሚስቱም ራት ሲቀርብ ላላየችው ሰው «ነፍሱን ይማር» ሳትል እጇን ወደ ምግብ አትዘረጋም።

«ሃምሳ አለቃ» አለ ረዳቱ ከሰልፉ ፊት ሆኖ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ። ረዳቱ የሚሉት ከመዝመቱ በፊት የአውቶብስ ረዳት ስለነበረ ነው፤ ድምፁ ከገበያ ማዶ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር ይባላል። «ዛሬ አናሳፍርዎትም።»

ሃምሳ አለቃው ምን ማለትህ ነው ብሎ ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት የኮሎኔሉ መኪና በበሩ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሲያወሩት ኖረዋል። ረዳቱ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሜዳው ሙሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ጫማው ሁሉ አንድ ላይ መሬቱን ሲመታ የግምጃ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የእንጨቱ ጠመንጃ ከትከሻ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ጎን ሲወርድ አንድ የሚሰማ ኳ አለ እንጂ ተከታትሎ የሚንኳኳ አልነበረም። ከሁሉ የገረመው ምሶሶ ነው። ምሶሶ ያሉት ለቁመቱ ነው፤ ሲራመድ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አንድ ላይ የሚያነሳ፣ ግራና ቀኙን ለመለየት ቆሞ የሚያስብ ሰው ነበር። ዛሬ በቀኝ ጥግ መሪ ሆኖ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ መስመሩን ሁሉ ይዞት ያልፋል።

ሃምሳ አለቃው በፊቱ ሲያልፉ አንድ በአንድ ገባው። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው ሣር ለምን እንደተረገጠ ገባው፤ ከብት የገባ መስሎት ነበር። የረዳቱ ድምፅ ሰሞኑን ለምን እንደተዘጋ ገባው፤ ጉንፋን ነው ብሎ ነበር። በእረፍት ሰዓታቸው፣ ሌላው ጥላ ሥር ሲጋደም፣ እነሱ ተደብቀው ሰልፍ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። ለማን ብለው እንደሆነም ገባው።

ይህ ሰው በማሰልጠኛው ውስጥ ዱላ ያልያዘ ብቸኛው አሰልጣኝ ነው። ሁልጊዜ ማታ ማታ ፋኖስ አስቀምጦ፣ ጫማቸውን አስወልቆ፣ እግራቸውን በተራ ያያል። ውኃ የቋጠረውን ያፈስሳል፣ የተላጠውን ያስራል፤ እግር የሌለው እግረኛ ምን ይሆናል እያለ ይቀልዳል። ለሱ ሥራው ነው፤ ከዚያ በላይ አላሰበውም። እነሱ ግን አስበውታል። ለአሰልጣኝ ማን አመስግኖ ያውቃል? ይረግሙታል፣ በሌለበት አረማመዱን እየቀዱ ይስቁበታል፣ ሲለዩት ግልግል ይላሉ። እነዚህ ግን የሚሰጡት ነገር ቢያጡ የራሳቸውን እረፍት ሰጡት። ሃምሳ አለቃው እንደቆመ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ውብ ምስጋና ሥር ምን እንደተቀመጠ ስለሚያውቅ ግን ሊደሰትበት አልቻለም።

ኮሎኔሉ ነጭ ጓንቱን አውልቆ እጁን ጨበጠው። ስንት ማሰልጠኛ ስዞር እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየሁም አለ፤ ድሮ በወጣትነቴ የነበረውን ጦር አስታወሳችሁኝ አለ፤ የሱም ዓይን ረጥቦ ነበር። ከዚያ ሃምሳ አለቃው የፈራውን ተናገረ።

«ከሰዓት በኋላ ባቡር አለ። እነዚህ ይሄዳሉ። አንተ እዚሁ ቀርተህ እንዲህ ያሉትን ደጋግመህ ታወጣልኛለህ፣ ሻምበል ባሻ።»

በግምጃ ቤቱ መስኮት ሚስቱ ትታየዋለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ቃሉ ባይሰማትም የእጅ አጨባበጡን አይታለች። ከዚህ በኋላ ከሱ የሚጠበቀው ሰላምታ ሰጥቶ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ማለት ብቻ ነው። በዚያች ቃል ማዕረጉ የሱ ነው፣ ቤቱ የሱ ነው፣ እርጅናው ሳይቀር የሱ ነው። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እጁ ግን ሳያዘው ወደ ቀበቶው ሄደ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ረዳቱን ጠርቶ፣ ምልምሎቹን ከሜዳው ዳር ወዳሉት ዛፎች ይዟቸው እንዲሄድ አዘዘው። ወጡ። መሐል ሜዳ ላይ ሲደርሱ ፊሽካውን ነፋ። ሁሉም ባንድ ትንፋሽ መሬት ላይ ተነጠፉ፤ ያንን ሱሪ አቧራ በላው። ኮሎኔሉ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ሲነፋ ተነስተው ሮጡ፤ ሲደግም ተነጠፉ። የተማሩትን ያውቃሉ። በዚህ ጊዜ ሃምሳ አለቃው እየተራመደ መሐላቸው ገባና የረዳቱን ትከሻ ነካው።

«አንተ ሞተሃል» አለው።

ረዳቱ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ አለመሆኑን ከፊቱ ሲረዳ በጀርባው ተንጋለለ። ሃምሳ አለቃው ወደ ኮሎኔሉ ተመለሰና ተነሱና ወደ ፊት የሚለውን ፊሽካ ነፋ።

ምልምሎቹ ተነሱ። ወደ ፊት የሄደ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ምሶሶ ወደ ረዳቱ መጥቶ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከዚያ ሁሉም። አንዱ ራሱን ቀና አደረገለት። አንዱ «ምን ሆነ? እውነት አሞት ነው እንዴ?» ይላል። ከኋላ የቀሩት ለማየት በጣታቸው ጫፍ ይቆማሉ፤ መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ እንደሚሰበሰበው ሕዝብ ሆኑ። ያ ያማረ መስመር ሁሉ አንድ ክብ ሆነ።

«ከነዚያ ዛፎች ሥር አንድ መትረየስ ቢኖር» አለ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ መተኮስ ይበቃዋል።»

ኮሎኔሉ ሞኝ ሰው አልነበረም። ክቡን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከዚያ ምን ያህል ጊዜ ይበቃሃል ብሎ ጠየቀው። ሃምሳ አለቃው አንድ ወር አለ። ኮሎኔሉ ወርም ቀንም እንደሌለው ነገረው፤ ግንባሩ ላይ መስመሩ መሳሳቱን፣ እነዚህ ዛሬ ካልተነሱ እዚያ ያሉት እንደማይቆዩ፣ ከደረሱም በኋላ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ጎደለ በተባለበት ሁሉ እንደሚበተኑ ሳይደብቅ ነገረው። ሲናገር እንደ ኮሎኔል ሳይሆን እንደ ደከመው አባት ነበር።

ሃምሳ አለቃው ሁለት ነገር ለመነው። አንደኛ፣ እንዳይበትኗቸው፤ አብረው የቆፈሩ ሰዎች አብረው ይቁሙ። ሁለተኛ፣ እሱም አብሯቸው እንዲሄድ፤ ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ በየጣቢያው ይቆማል፣ በቆመ ቁጥር ያስተምራቸዋል፤ ከባቡሩ በኋላም የእግር መንገድ አለ።

ኮሎኔሉ ጓንቱን ሲያጥፍና ሲፈታ ቆየ።

«አይበተኑም። ይህን ቃል እሰጥሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «መሄጃህንም እፈርማለሁ። መመለሻህን የሚፈርመው ግን እኔ አይደለሁም።»

«አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። ቅድም ምላሱ ላይ የቀረችው ቃል አሁን ወጣች፤ ከልቡም ነበር።

ምልምሎቹ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸው፣ ጥፋታቸውን ግን ማወቅ አቅቷቸው፣ ከነአቧራቸው ቆመው ይጠብቁታል። ረዳቱ ከሞት ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል። ሃምሳ አለቃው ዘዴውንም፣ ክቡንም፣ ባቡሩንም ነገራቸው። ጠላት ቢከባቸው ከሚደነግጡት በላይ ደነገጡ። ምሶሶ ጎንበስ ብሎ፣ ያ ቁመቱ ግማሽ ሆኖ፣ «እኛ ለእርስዎ ብለን...» ብሎ መጨረስ አቃተው።

«አውቃለሁ» አላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኳችሁም። ግን ይህን ስሙኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዛሬ ያመሰገነኝ የለም። ቢቀርብኝ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። አሁን ዕቃችሁን ሸክፉ።»

ሃምሳ አለቃው ረዳቱ ምርር ብሎ ያለቅስ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ ረዳቱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና፣ ታዲያ ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ እኮ ምሶሶን እንደ ድሮው እናስኬደው ነበር፤ ለሱ ምንም አይከብደውም አለ። የሳቁት ሁለት ሦስት ብቻ ነበሩ። ምሶሶ ግን ከሳቁት አንዱ ነው።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ እግሯ ግን መርገጫው ላይ የለም። ጠረጴዛው ላይ የሱ ቅያሪ ኮት ተዘርግቷል። ክንዱ ላይ አዲሱ የሻምበል ባሻ ምልክት በጥሩ ክር ተሰፍቶ አልቋል።

«በመስኮት አየሁህ» አለችው። «እጅህን ጨብጦህ ነበር። ምን ብለህ ነው ያበላሸኸው?»

ቁጭ ብሎ ከዘዴው ጀምሮ እስከ ባቡሩ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መጀመሪያ የተናደደችው በሱሪዎቹ ነው። ቀድመህ ብትነግረኝ አንዱንም በመቀስ አልነካው ነበር፤ እንደተንዘላዘለ ይቀርላቸው ነበር አለች። ምልምሎቹ በየተራ እየተደበቁ መጥተው «እትዬ፣ ለሳቸው ሲሉ» እያሉ እንዴት እንደለመኗት፣ እሷም የጣቷ ጫፍ እስኪደነዝዝ ስትሰፋ ለባሏ ዕድሜ እየሰፋሁ ነው ትል እንደነበረ ነገረችው። ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«አንዲት ቃል ብትል ትቀር ነበር።»

«አዎ።»

የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ውጭ ዕቃ የሚጫን ይሰማል፤ አንድ ሰው ገመድ አምጡ ይላል። ሚስቱ ኮቱን ወደ ራሷ ሳበችና ምልክቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ያ አስር አለቃ» አለች፣ «በቀበቶህ አንስቶ የጣለህ። ሚስት ነበረችው?»

ስንት ዓመት ሲያመሰግነው ኖሮ ይህን አስቦት አያውቅም። «አላውቅም» አላት።

«እኔ አውቃለሁ» አለችው። «ነበረችው።»

ምላጯን አነሳችና የምልክቱን ክር አንድ በአንድ በጥሳ አወጣችው። ሥራዋ ስለሆነ ጨርቁ ላይ ጠባሳ እንኳ አልተወችም። ምልክቱን ግን አልጣለችውም፤ አጣጥፋ መርፌዎቿን ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ኮቱን አለበሰችው፣ አንገትጌውን አስተካከለችለት፣ ቀበቶውንም ራሷ ይዛ አጠበቀችው። አጥብቃ እንደያዘችው ትንሽ ቆየች። እሱም ስለሷ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ይህን ጮክ ብሎ ሊነግራት ሲል ግን የባቡሩ ጥሩምባ ተሰማ።

ባቡሩ ከተማውን ለቆ ትንሽ እንደሄደ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ስም በሌላት አንዲት ጣቢያ ቆመ። ከግንባር የሚመለስ ባቡር እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት ተባለ። ከሐዲዱ ጎን እህል የታጨደበት ሰፊ ማሳ አለ። ሃምሳ አለቃው የፉርጎውን በር ከፍቶ ሁሉንም አወረዳቸው፤ በሌላው ፉርጎ ያሉት ወታደሮች እግራቸውን አንጠልጥለው እንደ ትርዒት ያዩ ጀመር።

መጀመሪያ ረዳቱን ገደለው። ክቡ አነሰ እንጂ አልቀረም። ደገመው። በሦስተኛው ክብ አልሠሩም፤ ግን ሁሉም እየዞሩ ስለሚያዩ እርስ በርስ ተጋጩ። ሃምሳ አለቃው ልማዱ ስላልሆነ አልጮኸባቸውም። ረዳቱ ሲወድቅ የሚተካው ማን እንደሆነ፣ እሱ ሲወድቅ ደግሞ ማን፣ ደጋግሞ አስጠራቸው። ከዚያ ሌላውን ገደለ፣ ከዚያ ሌላውን። እየለመዱት መጡ። ዞሮ የሚያየው ቀነሰ። ማሳው ላይ ያሉት ሙታን ተንጋለው እየተሳሳቁ «እኔን ቶሎ ረሳችሁኝ» እያሉ ይወቅሷቸዋል። ምሶሶ ብቻ ተራው ደርሶ ትእዛዝ ስጥ ሲባል ድምፁ አልወጣ አለ። አፉን ሲከፍት የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሃምሳ አለቃው ቆም ብሎ አያቸው። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱንም ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሸው ነበር። ረዳቱን አልፈው መሄድ ለምደዋል። ለእግራቸው ጎንበስ ይል የነበረውን ሰው ግን አልፈው ይሄዳሉ? ያንን ሰልፍ ያሰለፋቸው ፍቅር እዚያ ላይ ምን ያደርጋቸዋል? ይህን ዛሬ ካላወቁት ሌላ ቦታ ያውቁታል፤ እዚያ ደግሞ መድገም የለም።

ፊሽካውን ነፋ፤ ተነጠፉ። ነፋ፤ ተነሱ። አብሯቸው ሮጠ። ዕድሜውም የድሮ የጦር ሜዳ ቁስሉም ስላለበት እያለከለከ፣ ከፊታቸው ሆኖ፣ ከማሳው መሐል ሲደርስ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«እኔ ሞቻለሁ» አለና ተዘረጋ።

የታጨደው አገዳ ጀርባውን ወጋው። ዓይኑን ጨፈነ። የሩጫው ድምፅ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ አንድ ጫማ ቆመ፣ ሌላም ቆመ። አትምጡ አለ በሆዱ፤ እባካችሁ፣ ልጆቼ፣ አትምጡ። ዓይኑን ገልጦ ማየት ፈለገ፤ የሞተ ሰው አያይም ብሎ ራሱን ከለከለ።

«ወደ ፊት!» አለ አንድ ድምፅ።

ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነበር። ከከፍታ ስለመጣ የማን እንደሆነ አወቀው። ሁለተኛ ሲጮህ አልተንቀጠቀጠም።

ጫማዎቹ ተነሱ። በግራው አለፉ፣ በቀኙ አለፉ፤ አፈሩ ፊቱ ላይ ተረጨ። አንድ ሰው ብቻ ከራስጌው ቆመ። ትንፋሹ ይሰማዋል። የሱሪው ጠርዝ ጉንጩን ነካው፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ስፌቱን አወቀው፤ የሚስቱ ነው። ያ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቆየ። ከዚያ እሱም ሄደ።

ሃምሳ አለቃው እንደተዘረጋ «አመሰግናለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የሚሰማውም አልነበረም። እጁ ቀበቶው ላይ ነበር። የጫማው ድምፅ እንደ ጠዋቱ አንድ ላይ አይመታም፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ እያንዳንዱ በራሱ እግር፣ በማሳው ላይ ይርቃል። ከሩቅ የሚመጣው ባቡር ማፏጨት ጀምሯል። ልብ ብሎ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እየራቁ ሲሄዱ አዳመጣቸው።